ላሟ የምትራመደው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ከማል መሳቢያ ከፍቶ አሮጌ ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈልኝ። ቢሮው ቡራዩ ውስጥ ከአባቱ የቀለምና የሚስማር ሱቅ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ስልኮቹ ገሚሶቹ ስክሪናቸው የተሰነጠቀ፣ ገሚሶቹ ክዳናቸው በላስቲክ የታሰረ፣ ገሚሶቹ ደግሞ የቁልፋቸው ቁጥር የተላጠ ነው። «ኮሌጅ ያላስተማረሽ ይሄ ነው» አለኝ። እኔ ዲግሪዬን በፕላስቲክ አስለብጬ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ ነበር የሄድኩት። ዲግሪውን ዞር ብሎም አላየው።

የመጀመሪያ ሥራዬ አንድ ድረ ገጽ በእያንዳንዱ ስልክ እየከፈትኩ የማየውን ደብተር ላይ መጻፍ ነበር። በአንዱ ስልክ ጽሑፉ ከስክሪኑ ወጥቶ ወደ ጎን ይሄዳል። በሌላው አማርኛው ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይደረደራል። አንዱ ደግሞ ገጹን ሳይከፍት የሞላሁትን ካርድ ጨርሶ ቁጭ አለ። ካርዴ እንዳለቀ ለከማል ስነግረው «እሱንም ጻፊው፣ ዋናው እሱ ነው» አለኝ።

ማዕረጌ ረዳት ዌብ ዴቨሎፐር ይባል ነበር። ዋና ዌብ ዴቨሎፐር የሚባል ሰው ግን ቢሮው ውስጥ አልነበረም። ከማል ሥራ አስኪያጅም፣ ዲዛይነርም፣ ደንበኛ ፈላጊም እሱ ራሱ ነው። «ታዲያ እኔ ማንን ነው የምረዳው?» ብዬ ጠየቅኩት። «ስልኮቹን» አለኝ።

ሙያውን ዘንድሮ የጀመራችሁ ልጆች ቀጥሎ የምነግራችሁ ተረት ሳይመስላችሁ አይቀርም። ዛሬ አንድ ገጽ ሠርታችሁ በየስክሪኑ ልክ ራሱን ያሰባስባል። ያኔ ግን ለአንድ ደንበኛ ሁለት ሦስት ገጽ እንሠራ ነበር። ስልክም ሆነ ኮምፒውተር ወደ አንድ ድረ ገጽ ሲመጣ በሩ ላይ ራሱን ያስተዋውቃል፤ «እንዲህ የምባል ብሮውዘር ነኝ፣ የመጣሁት እንዲህ ከሚባል ስልክ ነው» ይላል። ይህ ማስተዋወቂያ ዩዘር ኤጀንት ይባላል። የኛ ሥራ እሱን አንብቦ ለባለ ቁልፉ ስልክ ቀላሉን ገጽ፣ ለኮምፒውተሩ ትልቁን ገጽ መስጠት ነው። በር ላይ ቆሞ እንግዳ እያዩ ወንበር የመምረጥ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ሥራው ቶሎ ገባኝ። ተንኮሉ ደግሞ ከሥራው ቀድሞ ገባኝ።

ሰበታ ላይ የብረት በርና መስኮት የሚሠሩ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩን። የቢሯቸው ኮምፒውተር ላይ ያለው ብሮውዘር ከመቆየቱ የተነሳ የሠራንላቸውን ገጽ አዛብቶ ያሳያቸዋል፤ በሩ ላይ መስኮት፣ መስኮቱ ላይ ስልክ ቁጥር ይደራርባል። እኔም ያንን ብሮውዘር ለይቼ «የሚጠቀሙት ብሮውዘር ያረጀ ስለሆነ እባክዎ ይቀይሩ» የሚል ቀይ ማስታወሻ እንዲወጣለት አደረግኩ። በማግስቱ ደወሉ።

«አንቺ ልጅ፣ በገዛ ድረ ገጼ አርጅተሃል ትዪኛለሽ?»

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም። ብሮውዘሩን ነው።»

«ብሮውዘሩስ የማን ነው?»

እስከ ዓለም ገና በታክሲ፣ ከዚያ በባጃጅ ሄጄ አዲስ ብሮውዘር ጫንኩላቸው። ስመለስ ያቺን ቀይ ማስታወሻ አጥፍቼ፣ የሳቸው ኮምፒውተር ብቻ ሲመጣ «እንኳን ደህና መጡ ጋሼ፣ ዛሬም እንደ ወትሮው በርትተዋል» የሚል ጽሑፍ እንዲወጣ አደረግኩ። ሰውየው ደስታቸውን አልቻሉትም። ድረ ገጹ ያውቀኛል እያሉ ለጎረቤት ሁሉ አወሩ፤ ሁለት ደንበኛም አመጡልን። ከማል ሳቀ። ሰውን በመሣሪያው ለይቶ ማስደሰት እንደሚቻል የተማርኩት በዚህ ነው። ባልተማርኩት ኖሮ እላለሁ አሁን።

ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ሱሉልታ ያለ የወተት አምራቾች ማኅበር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ። ኮስታራ፣ ልብሳቸውን ጠንቅቀው የሚለብሱ፣ አሠራራቸውም የሰላ ሰው ነበሩ፤ አንድ ድክመታቸው ፎቶ መውደዳቸው ነው። በዚያ ላይ በወቅቱ ውድ የሚባለውን፣ በጣት እየነኩ የሚጠቀሙበትን አንድ ታች ስልክ ይዘዋል። ሲያወሩ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ያስቀምጡታል፣ ማርኩ እንዲታይ።

የማኅበሩ አባላት ጠዋት ጠዋት ወተታቸውን ጀሪካን ሞልተው ወደ አስፋልቱ ዳር ያወጣሉ። የማኅበሩ መኪና እየዞረ ይሰበስባል። መኪናው ከቀረ ወተቱ አስፋልት ዳር ፀሐይ ላይ ውሎ ይበላሻል። ስለዚህ ገበሬው ከድረ ገጹ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ መኪና አለ ወይስ የለም? አብዛኛው የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። አንዲት መስመር ትበቃዋለች።

ይህንን ለኦቦ ቶሎሳ ላስረዳ ሞከርኩ።

«የመኪናውን ነገር ከላይ እናድርገው ኦቦ ቶሎሳ። ሰው ገጹን የሚከፍተው ለሱ ነው።»

«አውቶቡስ ተራ ነው እንዴ የምትሠሪልኝ? ድረ ገጽ እኮ ነው! ከላይ የኔ ፎቶ፣ ሥሩ የእንኳን ደህና መጣችሁ መልእክት፣ ከዚያ ላም። ላሟ ደግሞ ትንቀሳቀስ።»

«የምትንቀሳቀስ ላም የሰው ካርድ ትበላለች።»

«ላም የምትበላውን እኔ ላስተምርሽ እንጂ አንቺ ታስተምሪኛለሽ?»

ሦስት ጊዜ ሱሉልታ ተመላልሻለሁ። ከቡራዩ በአስኮ አድርጌ አዲሱ ገበያ እወርዳለሁ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዤ ዳገቱን እወጣለሁ፤ ደርሼ ያንኑ ጭቅጭቅ ተጨቃጭቄ እመለሳለሁ። በሦስተኛው ጊዜ ሰለቸኝ። «እሺ፣ እንዳሉት ይሁን» አልኳቸው። እንዳሉትም አደረግኩ፤ ግን ለሳቸው ብቻ።

አንዲት ሁኔታ ናት ኮዱ ላይ የጻፍኩት። በሩ ላይ የመጣው ስልክ የኦቦ ቶሎሳ ስልክ ሞዴል ነኝ ካለ የላሟን ገጽ ስጠው፤ ሌላ ከሆነ የመኪናዋን ገጽ ስጠው። በላሟ ገጽ ላይ ኦቦ ቶሎሳ ክራቫት አስረው ፈገግ ብለዋል፣ ከሥራቸው አንዲት ጥቁርና ነጭ ላም ሳር እየጋጠች ትራመዳለች፣ ጭራዋን ትወዘውዛለች። ከታች ራሳቸው ያጻፉኝ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «መኪናችን ዘወትር ጠዋት በአንድ ሰዓት ሳያዛንፍ ይደርሳል።» በሌላው ገጽ ላይ ደግሞ ፎቶም ላምም የለም። የዚያን ዕለት ወሬ በአማርኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ይወጣል፣ በቃ።

የዕለቱን ወሬ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ሹፌሩ ግርማ ሊነሳ ሲል ይደውልልኛል፣ እኔም ከቤቴ ሆኜ አንዲቱን መስመር እቀይራለሁ።

ኦቦ ቶሎሳ ገጹን በስልካቸው ከፍተው ሲያዩት ዓይናቸው በራ። «አሁን ገና ሥራ ሠራሽ» አሉኝ። እኔም ምስጋናቸውን አንገቴን ደፍቼ ተቀበልኩ። ለከማል ስነግረው እስኪያለቅስ ሳቀ፣ ቀጥሎ ግን ቆም ብሎ «ያንን ስልክ ሌላ ሰው ቢይዝስ?» አለኝ።

«ሱሉልታ ገጠር ውስጥ ያንን ስልክ የሚይዝ ሌላ ማን አለ?» አልኩት። እንዲህ ነበር በራሴ የምተማመነው።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ግርግር የተነሳበት ጊዜ ነበር። አዲስ አበባ ሰፍታ ዙሪያዋን ልትወስድ ነው፣ መሬታችን ሊሄድ ነው የሚለው ስጋት ገበሬው ቤት ሁሉ ገብቷል። የኛም ቤት ገብቷል፤ የእናቴ ወንድሞች መሬት ገፈርሳ አጠገብ ስለሆነ ሰው በመጣ ቁጥር ወሬው እሱ ነው። ዛሬ ቡራዩ ሱቅ ይዘጋል፣ ነገ ሰበታ መንገድ ይዘጋል፣ ከነገ ወዲያ ሱሉልታ። ኔትወርኩም አንዳንድ ቀን ጭራሽ ይጠፋል፣ አንዳንድ ቀን እየተንፏቀቀ ይመጣል። ሲንፏቀቅ የኔ ቀላሏ ገጽ ትከፈታለች፤ በዚህ በጣም እኮራ ነበር። ግርማ ይደውላል፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ገበሬው ያያል። በዚያ ሰሞን ከሠራሁት ሁሉ እውነተኛ ጥቅም የሰጠው ያቺ መስመር ናት።

እንግዲህ የሰርቨሩ መዝገብ ሰው መቼ፣ ከየት፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደገባ ይጽፋል። ቁጭ ብዬ ሳነበው አንድ ነገር አስገረመኝ። የኦቦ ቶሎሳ ስልክ ጎህ ሳይቀድ ይገባል። ቁርስ ሰዓት ይገባል። አሥር ሰዓት ላይ ይገባል። አንዳንዴ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ፣ ያውም ከሁለት ቦታ።

«ከማል፣ ና እይ። ሰውየው ፎቷቸውን አይተው አይጠግቡም።»

ከማል መጥቶ ትከሻዬ ላይ ሆኖ አነበበ። «ፍቅር ይዟቸዋል» አለ። ይህ የቢሯችን የሳምንታት ሳቅ ሆነ። እኔማ እንዳይሰለቻቸው ብዬ አንድ ቀን ክራቫታቸውን በኮምፒውተር ከቀይ ወደ አረንጓዴ ቀየርኩላቸው። አንድ ስልክ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሁለት ቦታ እንዴት ይገባል ብዬ ራሴን አልጠየቅኩም። መዝገቡ እውነቱን ፊቴ አስቀምጦልኝ ነበር፤ እኔ የማነበው ግን ቀልድ ፈልጌ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ግርማ ከወትሮው ቀድሞ ደወለ። «ዛሬ አልወጣም። አስፋልቱ ድንጋይ በድንጋይ ሆኗል፣ ጎማም ተቃጥሏል። ሰዉ እንዳይወጣ ጻፊ፣ ማሎ።» ግርማ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ ሲጨንቀው ግን እባክሽ ማለቱን ትቶ ማሎ ይላል። «ዛሬ መኪና የለም። ከቤት አትውጡ» ብዬ በሁለቱም ቋንቋ ጻፍኩ። ያን ቀን አንድም ጀሪካን አስፋልት ዳር አልወጣም አሉ። ከአንድ ቤት በቀር።

የዚያ ቤት ባለቤት አዴ ጫልቱ ናቸው። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አራት ላም ያላቸው፣ ስብሰባ ላይ ያሰቡትን ፊት ለፊት የሚናገሩ እናት። በቀደመው ስብሰባ ላይ፣ ወተት ውስጥ ውሃ መኖሩን የሚለካው የማኅበሩ መሣሪያ ያዳላል ብለው ኦቦ ቶሎሳን በሰው ፊት ተናግረዋቸዋል። ይህንን ሁሉም ሰው ያስታውሳል።

ያን ዕለት ጠዋት አዴ ጫልቱ ስልካቸውን ከፈቱ። መኪናው በአንድ ሰዓት ሳያዛንፍ ይደርሳል ይላል። ሁለት ጀሪካን አህያ ላይ ጭነው ወጡ። አስፋልቱ ጋ ሲደርሱ ጭስ ነው፣ ሩጫ ነው፤ ወዲያው ተኩስ ተሰማ። አህያዋ ደንብራ አመለጠቻቸው። እሳቸው አንድ ወፍጮ ቤት ገብተው፣ ከዱቄት ከረጢት ኋላ ተቀምጠው ዋሉ።

አህያዋ ቤቷን ታውቃለች። አንዱን ጀሪካን መንገድ ላይ ጥላ፣ በሌላው ተዛብታ ብቻዋን ቤት ገባች። ቤተሰቡ አህያዋን አየ፣ ሴትዮዋ የሉም። ጎረቤት ተሰበሰበ። ከሰዓት በኋላ አካባቢው ጸጥ ሲል አዴ ጫልቱ በእርሻ ውስጥ አቆራርጠው፣ ቀሚሳቸው ዱቄት እንደሆነ ደጃፋቸው ሲደርሱ የራሳቸውን ለቅሶ ደረሱ።

እኔ ይህንን ሁሉ የሰማሁት ከሦስት ቀን በኋላ ከግርማ ነው።

«ገጽሽ ለአዴ ጫልቱ መኪናው ይመጣል ብሎ ነግሯቸዋል» አለኝ በስልክ።

«ሊሆን አይችልም። እኔ እኮ መኪና የለም ብዬ ነው የጻፍኩት። አንተም አይተሃል።»

«አይቻለሁ። አሁን ደግሞ የሳቸውን ስልክ በእጄ ይዤ አየሁት። ኦቦ ቶሎሳ ክራቫት አስረዋል፣ ላም ትራመዳለች።»

ያቺን ላም በዓለም ላይ አንድ ሰው ብቻ ነበር ማየት የነበረበት።

ግርማ አልጨረሰም። የአዴ ጫልቱ ልጅ ስልኩን ከመርካቶ ነው ያመጣችላቸው፣ የኦቦ ቶሎሳ ስልክ ፎርጅድ ነው። በዚያው ሰሞን ሌሎች ጥቂት አባላትም ከዚያው ሻጭ ገዝተዋል፤ እነሱ መኪና በቀረ ቁጥር ከጎረቤት እየሰሙ ነው የዳኑት። ፎርጅድ ስልክ ደግሞ ውሸቱ ሽፋኑ ላይ አያበቃም፤ ድረ ገጽ በር ላይ ሲጠየቅም እኔ ዋናው ነኝ ብሎ ነው የሚገባው። ኦቦ ቶሎሳ በፎቷቸው ፍቅር የወደቁ መስሎን የሳቅንባቸው ሳምንታት በሙሉ፣ ገበሬዎች ነበሩ መኪናቸውን ፍለጋ የሚመላለሱት።

«ሰዉ ምን ይላል መሰለሽ» አለኝ ግርማ። «ማኅበሩ ለሚፈልገው ይነግራል፣ ከማይፈልገው ይደብቃል ይላል። ኦቦ ቶሎሳ ቂም ይዘው ነው ሴትዮዋን ወደ ጥይት የላኳቸው ይላል። ስም ዝርዝር አለ የሚልም አለ። ቅዳሜ ስብሰባ ጠርተዋል። ወጣቶቹ የማኅበሩን ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ እናቃጥለዋለን እያሉ ነው።»

በዚያ ጊዜ ስም ዝርዝር አለ የሚል ወሬ ቀልድ አልነበረም። ቤት ተቃጥሎበታል። የፈራሁት ለሥራዬ ነበር ብል ውሸት ነው፤ ለሥራዬም ፈርቻለሁ፣ ግን ለኦቦ ቶሎሳ የበለጠ ፈራሁ። ያ ሁሉ ክራቫት እያለ ሰውየው አንድም ነገር አላጠፉም። ፎቶ መውደድ ጥፋት ካልሆነ በቀር።

ለከማል ነገርኩት። ኮዱን አሁኑኑ አስተካክለን ኔትወርክ ነበር ብንልስ ብዬ ጠየቅኩት፤ አልዋሽም፣ ጠይቄያለሁ። ከማል ሐሳቤን አልተቀበለም። «ኔትወርክ ነው ካልን እነ አዴ ጫልቱ ስልክ ላይ ብቻ ለምን ሆነ ይላሉ። ከዚያ በኋላ ኦቦ ቶሎሳን ማንም አያድናቸውም» አለ። ቀጥሎ የመሳቢያውን አሮጌ ስልክ አንዱን ከኪሱ ከተተና «ኮዱን እንዳትነኪው። ሄደን እናሳያቸው» አለኝ።

ቅዳሜ መንገዱ ተከፍቶ ነበር። የማኅበሩ ግቢ ሰው ሞልቶታል። ኦቦ ቶሎሳ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ያለ ክራቫት። አዴ ጫልቱ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አጣፍተው ቆመዋል። «አካም ቡልታን» ብዬ ሰላም አልኩ። የመለሰልኝ ጥቂት ሰው ነው።

ኦቦ ቶሎሳ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ያሳያሉ። «ይኸው! የኔም ላይ ይደርሳል ነው የሚለው! እኔ ምን ደበቅኩ?» ይላሉ። አንድ ወጣት «እርስዎማ አለቃ ነዎት፣ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል? ለኛ ባለ ቁልፎቹ የመጣው ወሬ ለሳቸው ለምን ቀረ?» ብሎ ጮኸ። ጩኸቱ ግቢውን አናጋው። ያኔ ነው እጄን ያወጣሁት።

የወተት መለኪያው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ስልክ አስደረደርኩ፤ የኦቦ ቶሎሳን፣ የአዴ ጫልቱንና ከማል ያመጣውን ባለ ቁልፍ። ሦስቱም ላይ ያንኑ አንድ አድራሻ ከፈትን። ሁለቱ ላይ ላሟ ተራመደች። አንዱ ላይ የዕለቱ መስመር መጣች። ሰው እየተጋፋ አየ።

«ስልክ ወደኛ ገጽ ሲመጣ ስሙን ይናገራል» አልኩ። «እኔ ስሙን ሰምቼ ነው ገጽ የምሰጠው። የአዴ ጫልቱ ስልክ ሲመጣ የኦቦ ቶሎሳ ስልክ ነኝ ብሎ ነው የመጣው።»

«ስልክ ይዋሻል?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

«ፎርጅድ ከሆነ ይዋሻል አባባ።»

«ዱጋዳ?» ብለው ወደ ከማል ዞሩ፣ እውነቷን ነው ወይ ሲሉ። ከማል አንገቱን ነቀነቀ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ እንዴት ደስ ባለኝ። ጥፋቱ የመርካቶው ሻጭ ሆኖ ይቀር ነበር። አዴ ጫልቱ ግን አልለቀቁኝም።

«ቆይ ኢንታላ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ስልኬ ዋሸ እንበል። የኦቦ ቶሎሳ ስልክ ነኝ አለሽ እንበል። ታዲያ የኦቦ ቶሎሳ ስልክስ ቢሆን መኪናው መቅረቱ ለምን አይነገረውም?»

በሙያዬ ዘመን ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትክክለኛው ይህ ነው። አንድም መሐንዲስ ጠይቆኝ አያውቅም።

ተናገርኩ። ኦቦ ቶሎሳ ፎቶና ላም ስለፈለጉ፣ እኔም መጨቃጨቅ ስለሰለቸኝ፣ ለሳቸው ብቻ የሚታይ ገጽ ሠርቼ እንደሰጠኋቸው፣ የዕለቱን ወሬ እዚያ ላይ ማውጣትንም ችላ እንዳልኩ። ኦቦ ቶሎሳ ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታዲያ ይህንን ገጽ ሌላ ሰው አያየውም ነበር?»

«አያየውም ነበር።»

«ላሟንም?»

«ላሟንም።»

«እኔን ለማስደሰት ነው?»

«እርስዎን ዝም ለማሰኘት ነው» አልኩ። አፌ አያርፍም።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ግቢው በሙሉ። ጣቢያውን እናቃጥላለን ሲል የነበረው ወጣት ግንብ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ይስቃል። የኦቦ ቶሎሳ ፊት በርበሬ መሰለ፤ ግን ቂመኛ ሆነው ከገቡበት ስብሰባ የተታለሉ ሰው ሆነው መውጣታቸው ነው፣ ይህ ደግሞ ያን ጊዜ ሕይወት ማትረፍ ነበር። እኔም ልስቅ ቃጣኝ። ያልሳቁት አንድ ሰው ናቸው።

«ለኔ እኮ ተለቅሶልኛል» አሉ አዴ ጫልቱ፣ ድምፃቸውን ሳያነሱ። «ልጄ ፊቷን ቧጥጣለች፣ አሁንም ቁስሉ አለ። ለዚህ ነው?»

ሳቁ ቆመ። ይቅርታ አልኳቸው። እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። ቀልድ የመሰለኝ ነገር ሁሉ፣ ክራቫቱ ጭምር፣ አስጠላኝ።

«እዚሁ አስተካክዪው» አሉኝ። «እያየሁሽ።»

ላፕቶፔን የወተት ጠረጴዛው ላይ ከፈትኩ። ያቺን ሁኔታ ከኮዱ አጠፋሁ፤ የዕለቱ ወሬ በየትኛውም ስልክ፣ በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ከሁሉ በላይ እንዲወጣ አደረግኩ። ኔትወርኩ እየተንፏቀቀ ስለነበር ሰው ሁሉ ቆሞ ጠበቀኝ። በመጨረሻ ሦስቱም ስልክ ላይ አንድ ዓይነት መስመር መጣ፤ ነገ መኪና አለ፣ አንድ ሰዓት። አዴ ጫልቱ ከሦስቱም ላይ እየተዘዋወሩ አነበቡት። «እናያለን» ብለው ስልካቸውን አንስተው ሄዱ።

ኦቦ ቶሎሳ ሰው እስኪበተን ጠብቀው ጠሩኝ። ስንብቴን የሚነግሩኝ መስሎኝ ነበር።

«ፎቶዬ የት ሄደ?»

«አለ ኦቦ ቶሎሳ። ታች ነው።»

በጣታቸው ወደ ታች ገፉ፣ ገፉ፣ አሁንም ገፉ። በመጨረሻ አገኙት። «ክራቫቴን ማን ነው አረንጓዴ ያደረገው?» አሉኝ። ያንንም ተናዘዝኩ።

በማግስቱ መኪናው በሰዓቱ ደረሰ። የአዴ ጫልቱ ወተት ግን አልወጣም፤ ግርማ እንደነገረኝ አጥራቸው ጋ ቆመው መኪናው ሲያልፍ አይተውታል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ፣ እሳቸው ናቸው። ቁጥሬን ከግርማ ወስደዋል።

«ገጹ መኪና አለ ይላል። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«አለ፣ አዴ ጫልቱ። ግርማ አሁን ነግሮኛል።»

«እሺ» ብለው ዘጉ፤ አንድ ጀሪካን አወጡ። በበነጋታውም ደወሉ። ከዚያ በኋላም ደወሉ። ግርግሩ በረደ፣ መንገዱ ተከፈተ፣ ባለ ቁልፍ ስልክ እየቀረ ሄደ፣ ገጹንም ሁለት ጊዜ እንደ አዲስ ሠራነው። እኔ ያንን ቢሮ እስክለቅ ድረስ አዴ ጫልቱ በየጠዋቱ ገጹን አንብበው፣ ቀጥሎ እኔን ጠይቀው ነበር አህያቸውን የሚጭኑት። አንድም ቀን አልቆጣሁም፤ የመቆጣት መብት አልነበረኝም።

ለጀማሪዎች የማስተላልፈው ይህ ነው። ስልክ ስለ ራሱ የሚነግራችሁን አትመኑ። የገጹን መልክ ለየመሣሪያው ለውጡ፣ ሰው ማወቅ ያለበትን ግን ለሁሉም እኩል አድርጉ። ደንበኛ አልሰማም ካላችሁ አራተኛም ጊዜ ሂዱና ተጨቃጨቁ።